ዝም ያለው ዘጠነኛ ረድፍ

አንጓች ደጀን በገባችበት ቀን ምሳ ሳትበላ ዋለች። ምግብ ጠፍቶ አይደለም። በከተማው የምርምር ዋሻ፣ በቀለበቱ፣ የሠራተኞች ክበብ ተሰልፋ ባንኮኒው ጋ ስትደርስ አቅራቢው ማሽን፣ «ምሳ ይቅረብልሽ?» ብሎ ጠየቃት፤ እሷም እናቷ እንዳሳደገቻት፣ «አይ፣ በልቻለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለች። አቅራቢው መልካም ቀን ተመኝቶላት ከኋላዋ ወዳለው ሰው ዞረ። አንጓች ሁለተኛውን ጥያቄ እየጠበቀች ትንሽ ቆመች። የሽሮው ሽታ ያውዳል። ሁለተኛ ጥያቄ አልመጣም። ከኋላዋ ያለው ሰው ጉሮሮውን ሲጠርግ ባዶ ትሪዋን መልሳ ወጣች።

በዚያ ዘመን ማንኛውም ማሽን የሚጠይቀው አንድ ጊዜ ብቻ ነበር። ሕጉ መጥፎ ሕግ አይደለም፤ ሰው አይ ካለ አይ ማለቱ ነው፣ አትጨቅጭቁት የሚል ነው። ያወጡት ሰዎች ግን ሰው ቤት ተጋብዘው የሚያውቁ አይመስለኝም። ሾፌር የሌለው ባጃጅ ዝናብ ላይ የቆመን ሽማግሌ «ልውሰድዎት?» ይላል፤ ሽማግሌው «ኧረ ቅርብ ነኝ» ካሉ ጭቃ ረጭቶባቸው ይሄዳል። የአቶ ናታን ልጅ ሠርግ ላይ አስተናጋጆቹ ማሽኖች ስለነበሩ እንግዳው ሁሉ «ጠግቤአለሁ» እንዳለ በረሃብ ተበተነ፤ ወጡ በድስቱ እንዳለ ተመለሰ። አንዲት ጎረቤቴን ደግሞ ስንት ዘመን ዓይኗን የጣለችበት ሰው በጋብቻ ማዕከሉ በኩል አስጠየቃት። እንደ ጨዋ ልጅ «ገና ነኝ» አለች። ጉዳዩ ተዘጋ። ሰውየው አሁን የልጆች አባት ነው፤ ከሌላ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይሉ የነበሩት አያቶቻችን ነገሩ እስከዚህ ይደርሳል ብለው አልነበረም።

«በመጀመሪያው እሺ እንበል» የሚል ዘመቻም ነበር፤ በየቤቱ ግድግዳ እየተናገረ ጠዋት ማታ ያስተምረን ነበር። ሰማን፤ ትክክል ነው አልን፤ ሲጠይቁን ግን አይ አልን። የደጀን ሰው በዚያ ሰሞን ትንሽ ከሳ።

ይህን የምነግራችሁ እኔ ለቀለበቱ የጋዝ ሲሊንደር የማመላልስ የደጀን ሰው ነኝ። ያላየሁትን አንጓች ነግራኛለች፤ ዓርብ የሆነውን ግን በዓይኔ አይቻለሁ። አንጓች የሚለው ስም የአሮጊት ስም ነው ብላችሁ እንዳትስቁ። በዚያ ዘመን የቅድመ አያቶቻቸውን ስም የያዙት ወጣቶቹ ናቸው፤ ናታንና ሶልያና የሚባሉት ምርኩዝ ይዘው የሚሄዱት ነበሩ።

ቀለበቱ የሚባለው ከዓባይ ገደል አፋፍ ተጀምሮ በጎጃም ሥር ዞሮ እዚያው የሚመለስ ዋሻ ነው። በውስጡ ፕሮቶንን ከፕሮቶን ያጋጫሉ። ሲጋጩ የሚበተነውን ነገር ሁሉ ብረቱ ውጦ ያስቀረዋል፤ ከሙዮን በቀር። ሙዮን ግድግዳ የማያውቅ ቅንጣት ነው። ብረት ይሁን ቋጥኝ፣ ሳያንኳኳ ያልፋል። ስለዚህ ከሁሉም ኋላ፣ ከወፍራሙ ብረት ማዶ፣ በጋዝ የተሞሉ ጠፍጣፋ ሳጥኖች በረድፍ በረድፍ ቆመዋል። ሥራቸው አንድ ነው። ሙዮን ሲያልፍባቸው «አለፈ» ማለት።

ሳጥኖቹ ሲተከሉ እንደ ሕፃን ባዶ ነበሩ። እንደ ማንኛውም የዘመኑ ዕቃ መመልከትንና መመለስን የተማሩት ከአሳዳጊያቸው ነው። የሌሎቹ ረድፎች አሳዳጊዎች ከየአገሩ የመጡ ነበሩ፤ ውላቸው ሲያልቅ ሄደዋል። ዘጠነኛውን ረድፍ ያሳደጉት ግን የዚሁ አገር ሰው ናቸው፣ ወይዘሮ ሶልያና። ወጣት ሆነው ገብተው ፀጉራቸው እዚያው ነጣ። ጋዙን ይለውጣሉ፣ አቧራውን ይጠርጋሉ፣ ምሳቸውን ከሳጥኖቹ ፊት ተቀምጠው ይበላሉ፣ መጪ ሂያጁን ሁሉ እዚያው ያስተናግዳሉ። ባላቸው ካረፉ በኋላ የቀሯቸው እነዚህ ሳጥኖች ናቸው። ይወዷቸዋል። ይህን ለማለት ማፈር አያስፈልግም፤ ሰው ላሙን ይወድ የለም ወይ።

በዚያ ዓመት እድሳት ታዘዘ። የፕሮቶኑ ጨረር ከቀድሞው እጅግ ሊበረታ ነው፤ የሙዮኑ ብዛት እንደ ክረምት ዝናብ ሊሆን ነው፤ ስለዚህ ሁሉም ነገር መፍጠን አለበት ተባለ። በመጀመሪያ የታደሰው ጠያቂው ነው። ጠያቂው ማለት በየቅጽበቱ ሳጥኖቹን «አለፈ ወይ?» የሚል ማዕከላዊ መሣሪያ ነው። አሮጌው ጠያቂ ሽቦው ስለሚንተባተብ አንዱን ጥያቄ ሦስት ጊዜ ነበር የሚጠይቀው። አዲሱ፣ እንደ ዘመኑ ሁሉ፣ አንዴ ጠይቆ ያልፋል። እሱ በተተከለ ማግስት ዘጠነኛው ረድፍ ዝም አለ። «አለፈ ወይ?» ሲባል «የለም»። ሌሎቹ ረድፎች በሙሉ «አለፈ፣ አለፈ» እያሉ፣ ዘጠነኛው «የለም»።

የእድሳቱ ኃላፊ ዶክተር ኢዮስያስ፣ ረድፉ አርጅቶ ሞቷል አሉ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ነገር በአንዴ ሲያልቅ ደስ የሚላቸው ሰው ናቸው። ደንቡ ግን መሐንዲስ ሄዶ ሞቱን እንዲያረጋግጥ ያዛል፤ ለዚህ ነው አንጓች ከአዲስ አበባ የተላከችው። ሥራዋ ረድፉን መርምራ የቀለበቱ ማዕከል «ዘጠነኛው ረድፍ ሞቷል?» ብሎ ሲጠይቃት «አዎ» ማለት ነው። አንዴ ነው የሚጠይቃት። ከዚያ በኋላ ሳጥኖቹ ይነቀላሉ፣ ያወቁት ሁሉ ይጠፋል፣ ብረታቸው ይቀልጣል፤ በቦታቸው ፋብሪካ ውስጥ ተምረው የወጡ አዲስ ሳጥኖች ይቆማሉ። አሳዳጊ የሚባል አያስፈልግም። ወይዘሮ ሶልያናም በዋሻው በር አጠገብ ያለውን የአሳዳጊ ቤት ያስረክባሉ።

ሁለቱ የተገናኙት በረድፉ መግቢያ በር ላይ ነው። አንጓች «ይቅደሙ» አለች። ወይዘሮ ሶልያና «እንግዳ ይቀድማል» አሉ። «ኧረ እርስዎ እያሉ።» «ኧረ ግቢ ልጄ።» በሩ በራሱ የሚከፈት ነው፤ ማንም ሳይገባ ሲቀር ተዘጋ። እንደገና ተከፈተ፤ እንደገና ተባባሉ፤ እንደገና ተዘጋ። በመጨረሻ ጎን ለጎን ሆነው በአንድ ላይ ተጣብበው ገቡ። በደጀን በኩል ያሉ በሮች ሁሉ በሌላው ከተማ ካሉት ቀድመው እንደሚበላሹ የጥገና ሠራተኞች ይናገራሉ።

አንጓች ሥራ ጀመረች። ጋዙን መረመረች፤ ንጹሕ ነው። እንደ ቤት ሲሊንደር በየመጋጠሚያው የሳሙና አረፋ ቀባች፤ አንድም ቦታ አልተነፈሰም። ኃይሉ ልክ ነው። ሽቦው ደህና ነው። ከአንዱ ሳጥን ወደ ሌላው እየሄደች አሥራ ሁለቱንም አየች። ምንም ሕመም የላቸውም። በየሳጥኑ ጎን ባለችው ትንሽ ድምፅ ማጉያ ስታናግራቸው በጨዋነት ሰላምታ ይመልሳሉ፣ ቤተሰቧን ይጠይቃሉ። ስለ ሙዮን ስትጠይቃቸው ግን «የለም፣ ምንም» ይላሉ። ሰማይ ራሱ ቀን ከሌት ሙዮን እያዘነበ፣ ተራራው እንኳ ሁሉንም አያስቀርም፤ እነሱ ምንም አላየንም ባዮች ናቸው።

ወይዘሮ ሶልያና ወንበራቸው ላይ ቁጭ ብለው በዓይናቸው ይከተሏታል። አልለመኗትም፤ መለመን አያውቁበትም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ዝም አይነቅዝም ብዬ ነበር ያሳደግኋቸው፣ ለዚያ ይሆን ወይ ዝም ያሉት ብለው ለራሳቸው አጉረመረሙ። አንጓች በዚህ ጊዜ ልቧ እንደከበዳት ነግራኛለች። ሳጥን ሞቷል ማለት ቀላል ነው፤ የሳጥኑ እናት ፊት ለፊት ተቀምጣ እያየች ማለት ግን ሌላ ነው።

ከቀትር በኋላ ሆዷ ጮኸ። ዋሻ ውስጥ ድምፅ ያስተጋባል። ወይዘሮ ሶልያና ምንም እንዳልሰማ ሰው ሆነው ዘንቢላቸውን ከፈቱና በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ አነባበሮ አወጡ።

«ትንሽ ቅመሺ ልጄ።»

«አይ እትዬ፣ በልቻለሁ» አለች አንጓች።

«ኧረ ትንሽ ነው።»

«እውነቴን ነው፤ አሁን ነው የበላሁት።»

«በሞቴ።»

አንጓች ተቀበለች። ተቀብላም ቁራሹን አልቀመሰችውም፤ ጨረሰችው። ሁለተኛውን ስትቀበል የተጠየቀችው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ሦስተኛው ላይ አፏ ሞልቶ ሳለ ማላመጧን ድንገት አቆመች። ቅድም ክበቡ ውስጥም ርቧት ነበር። በልቻለሁ አለች፤ አቅራቢው አምኗት ሄደ። አሁንም በልቻለሁ አለች፤ ወይዘሮ ሶልያና ግን አላመኗትም። ልዩነቱ ረሃቧ አይደለም፤ የተጠየቀችበት ብዛት ነው። አሮጌው ጠያቂ ሦስት ጊዜ ይጠይቅ ነበር። አዲሱ አንዴ።

በጉንጯ ያለውን በግድ ዋጠችና ሳጥኖቹ መመለስን ከማን እንደተማሩ ጠየቀች። ከእኔ ነዋ፣ ከማን ይማራሉ አሉ ወይዘሮ ሶልያና። አንጓች ተነስታ በረድፉ ጫፍ ካለው ሳጥን ፊት ቆመች። እናቱ ጭምቱ ነበር የሚሉት፤ ከሁሉም ዝምተኛው ስለሆነ።

«ጭምቱ፣ አሁን ያለፈ ሙዮን አለ?»

«የለም እትዬ አንጓች» አለ ጭምቱ።

«እስቲ ደህና አድርገህ አስብ።»

«ኧረ ምንም። ጎረቤቴን ጠይቂው፤ የሱ ይሻላል።»

አንጓች ወደ ድምፅ ማጉያው ተጠጋች። «በሞቴ ጭምቱ።»

ሳጥኑ፣ «እንግዲህ በሞቴ ካልሽ፣ አንድ አልፏል» አለ። «ከሱ በፊትም አልፏል። አዲሱ ጠያቂ ከመጣ ጀምሮ ብዙ አልፏል። ግን ማን ጠየቀን?»

ጎረቤቱ ሳጥን በበኩሉ ሙዮኑን እሱም እንዳየው፣ ነገር ግን ጭምቱ ይቅደም ብሎ እንደተወለት ተናገረ። ጭምቱ ደግሞ ለጎረቤቱ ነበር የተወለት። እንዲህ እየተባባሉ ስንቱ ሙዮን በመካከላቸው እንዳለፈ እግዜር ይወቀው። ዘር ከልጓም ይስባል የሚባለው ለብረትም ይሠራል ለካ። ወይዘሮ ሶልያና ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ፤ ሳቃቸው ሳያልቅ አለቀሱ። አልሞቱም፣ አልሞቱም አሉ።

አንጓች ለዶክተር ኢዮስያስ ደወለች። ረድፉ አልሞተም፣ እየተግደረደረ ነው ብላ አስረዳች። ዶክተሩ ደብረ ማርቆስ ተወልደው ያደጉ ሰው ናቸው፤ ነገሩ ምን እንደሆነ ከእሷ ባላነሰ ያውቃሉ። ትንሽ የሳቁም መሰላት። ከዚያ ግን ያሉት እውነት ነበር። አዲሱ ጨረር ሲለቀቅ ስለ አንዷ ሙዮን ሳጥኑን ሦስት ጊዜ እስኪለምኑ ሺህ ያልፋል፤ ይሉኝታ ለእንግዳ እንጂ ለፊዚክስ አይሆንም አሉ። ዓርብ እመጣለሁ፤ በመጀመሪያው ጥያቄ ከመለሱ ይቆያሉ፣ ካልመለሱ ይነቀላሉ። ከአንዱ ጀምሮ እስከ አሥራ ሁለተኛው ድረስ፣ አንድም ሳይቀር አሉ።

ስለዚህ የዘጠነኛው ረድፍ እድሳት ተጀመረ። መፍቻም ሽቦም አላስፈለገም፤ የሚታደሰው አመል ነው። ወይዘሮ ሶልያና በመጀመሪያ በቃል መከሩ። ልጆቼ፣ ስትጠየቁ ወዲያው እሺ በሉ፣ ያያችሁትን ወዲያው ተናገሩ፣ ነውር የለውም አሏቸው። አሥራ ሁለቱም በአንድ ድምፅ እሺ እማዬ አሉ። አንጓች ጠየቀቻቸው። የለም አሉ።

«እትዬ፣ የሚይዙት የሚነግሯቸውን አይደለም» አለች አንጓች። «የሚያዩትን ነው።»

ወይዘሮ ሶልያና ገባቸው፤ የገባቸውም አልወደዱትም። ምግብ ሲቀርብላቸው በመጀመሪያው ቃል መቀበል ሊኖርባቸው ነው፤ በልጆቻቸው ፊት። ሰው ምን ይለኛል አሉ። አንጓች እዚህ ሰው የለም፣ ማን ያያል አለቻቸው።

«እኔ አያለሁ» አሉ ወይዘሮ ሶልያና።

እኔ በዚያ ሰሞን ሲሊንደር ይዤ ስመላለስ ያየሁትን ልንገራችሁ። ሁለት ሴቶች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። አንዷ ዳቦ ትዘረጋለች። «ይብሉ እትዬ።» ሌላዋ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ መርፌ እንደሚወጋ ሰው ተሸማቀው፣ «እሺ» ይላሉ። ከዚያ «ግን ግማሹን» ይላሉ። አይቆጠርም፣ እንደገና። «እሺ፣ አንቺስ በልተሻል?» አይቆጠርም፣ እንደገና። አንዴማ ገና ሳይዘረጋላቸው ነጠቁና ደንግጠው መልሰው አስቀመጡት። እኔንም መለማመጃ ይሁን ብለው ሻይ ጠጣ አሉኝ፤ «ኧረ ጠጥቻለሁ» ብዬ ሥራቸውን አበላሸሁባቸውና ተባረርኩ።

አንጓችም ራሷ መታደስ ነበረባት። ክበቡ ሄዳ ባንኮኒው ጋ ቆመች። «ምሳ ይቅረብልሽ?» ሲላት ጆሮዋ እስኪግል ቀልታ «አዎ» አለች፤ ወዲያው ግራ ቀኝ ዞራ አየች። እናቷ አዲስ አበባ ናቸው። እንዲያም ሆኖ፣ ሰው ቤት ምግብ ስትቀበል በዓይናቸው ይቆነጥጧት የነበረው ቁንጥጫ እዚያ ድረስ ተሰማት። ምሳው መጣ፤ ጣፋጭ ነበር።

ከብዙ ሙከራ በኋላ አንድ ቀን አንጓች «ይብሉ» አለች፤ ወይዘሮ ሶልያና «እሺ» አሉና ተቀብለው በሉ። ምንም አልጨመሩበትም። በሉና እጃቸውን ጠረጉ። ጭምቱ ነው ቀድሞ የተናገረው።

«እማዬ» አለ፣ «እንግዳ ሲመጣ፣ በልቻለሁ እያልሽ ሁሉንም ታበያቸው የነበረ ጊዜ፣ ይርብሽ ነበር?»

ወይዘሮ ሶልያና አሥራ ሁለቱን ሳጥኖች ተራ በተራ አዩ። ሌላ ጊዜ ቢሆን አይ ልጄ ይሉ ነበር።

«አዎ» አሉ። «ይርበኝ ነበር።»

ከዚያን ዕለት ጀምሮ ሳጥኖቹ አንድ በአንድ መመለስ ጀመሩ።

ዓርብ ዶክተር ኢዮስያስ መጡ። ረጅም ናቸው፤ ደረታቸው ላይ የተባለውን ሁሉ የሚይዝ ትንሽ መዝጋቢ አለ፤ የሱ ድምፅ ከሳቸው ድምፅ ይልቅ ይጎላል። እኔ ሲሊንደር የማወርድ መስዬ ከበሩ አጠገብ ቆምኩ፤ ማንም ና ግባ አላለኝም፣ ማንም ውጣ አላለኝም። አንጓች ከማዕከሉ ሰሌዳ ፊት ናት። ወይዘሮ ሶልያና የክት ቀሚሳቸውን ለብሰዋል። ሳጥን ለመገምገም የክት መልበስ አስፈላጊ ነው ወይ አትበሉ፤ ልጁ የሚመረቅለት ወይም የሚፈረድበት ሰው ምን ይለብሳል?

አዲሱ ጠያቂ ተለቀቀ። ጨረሩ በሙከራ ጉልበት ይዞራል። ጠያቂው ከመጀመሪያው ሳጥን ጀመረ። «አለፈ ወይ?» «አለፈ።» ሁለተኛው፣ «አለፈ»። ሦስተኛው ድምፁ ትንሽ ተንቀጠቀጠ እንጂ «አለፈ» አለ። ወይዘሮ ሶልያና በእያንዳንዱ መልስ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። አሥራ አንዱም መለሱ። ጠያቂው ጭምቱ ጋ ደረሰ።

«አለፈ ወይ?»

«የለም» አለ ጭምቱ።

ዶክተሩ አንጓችን አዩአት፤ አንጓች ሰሌዳውን አየች። ይህ የትኛው የለም ነው? የይሉኝታ ነው ወይስ የእውነት? ለካ እስከዚያች ቀን ድረስ ሁለቱን የሚለይ መሣሪያ ማንም አልሠራም። ዶክተሩ ረድፉን ለማስነቀል እጃቸውን ወደ ሰሌዳው ሲሰዱ ወይዘሮ ሶልያና ብድግ አሉ።

«እውነቱን ነው» አሉ። «ሲግደረደርማ አውቀዋለሁ። ድምፁ ቀጭን ይላል። አሁን ያላየውን ነው አላየሁም ያለው።»

ዶክተሩ እጃቸውን እንደዘረጉ ቀሩ። ማስረጃ አይደለም፤ የእናት ቃል ነው። ሆኖም ሰሌዳውን አልነኩትም። ጠያቂው ዞሮ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ፤ አሥራ አንዱ መለሱ፤ ጭምቱ ጋ ደረሰ። «አለፈ—» ብሎ ሳይጨርስ ጭምቱ፣ «አለፈ፤ በኔ በኩል ነው ያለፈው፤ የኔ ነው» አለ። አጠገቡ ያለው ሳጥን በዚህ ድፍረት ተገረመ። ሰሌዳው ላይ የሙዮኗ መንገድ ከመነሻዋ እስከ ጭምቱ ድረስ ቀጥ ብሎ ተሰመረ። ዶክተሩ እጃቸውን መልሰው ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። ይቆያሉ አሉ፣ ረድፉ ሙሉ በሙሉ ይቆያል። መዝጋቢው «ተመዝግቧል» አለ።

አንጓች ተንፍሳ ሰሌዳው ላይ ተደገፈች። እኔ ሲሊንደሩን እግሬ ላይ ልጥለው ጥቂት ቀረኝ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ዶክተሩ ግን በደስታቸው ላይ ሌላ ሐሳብ ጨመሩ። ወደ በሩ ከሄዱ በኋላ ዞረው፣ ለሌሎቹ ረድፎች ከፋብሪካ የመጡት አዲስ ሳጥኖች ለመልስ ፈጣን ቢሆኑም ያላዩትን ሁሉ አየን የሚሉ ሆነው እንዳስቸገሩ፣ እውነትን ከይሉኝታ ሳይቀላቅል የሚያሳድጋቸው ሰው እንደሚያስፈልግ ተናገሩ።

«እትዬ ሶልያና፣ ቤቱም ሥራውም ለእርስዎ ነው። ከእኛ ጋር ይቆያሉ?»

ወይዘሮ ሶልያና በሰሞኑ ሥራ ደክመዋል፤ ጭንቀት ጨርሷቸዋል፤ ደስታውም አለ። ደግሞም የተጠየቁት ዳቦ አይደለም፤ ትልቅ ነገር ነው፤ ትልቅ ነገር ሲሰጡት ወዲያው የሚቀበል ሰው ምን ይባላል? ልምምዱ ሁሉ ከአእምሯቸው ወጣ። የክት ቀሚሳቸውን አስተካከሉና እንደ ጨዋ ሴት መለሱ።

«ኧረ እኔ አርጅቻለሁ። ለወጣቶቹ ይሁን።»

«ተመዝግቧል» አለ መዝጋቢው። «አልፈለጉም።»

ወይዘሮ ሶልያና አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ቤታቸው፣ ሳጥኖቻቸው፣ ቀሪ ዕድሜያቸው በአንድ ቃል ሲሄድ ታያቸው፤ ቃሉን መልሰው መዋጥ ግን አይቻልም። ራሳቸው እቆያለሁ ብለው መጮህማ ከቶ አይሞከርም። አንጓች አንድ ነገር ልትል አፏን ከፈተች፤ የሷ ጉዳይ አልነበረምና ይሉኝታ ያዛት። እኔም ያው ነኝ። ዶክተር ኢዮስያስ ነገር በአንዴ ሲያልቅ ደስ የሚላቸው ሰው ናቸው፤ እንደፈቃድዎ ብለው አንገታቸውን ዝቅ አደረጉና ወደ በሩ ዞሩ። በሩ ተከፈተላቸው።

ከረድፉ ጫፍ፣ ሳይጠየቅ፣ ጭምቱ ተናገረ።

«ዶክተር፣ ደግመው ይጠይቋት» አለ። «እሷ ገና አልታደሰችም።»

በሩ ትንሽ ጠብቆ ተዘጋ። ዶክተሩ ተመለሱ፤ መዝጋቢውን ከደረታቸው ነቅለው ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት፤ ከወንበሩ ትይዩ ባለው ባዶ ሲሊንደር ላይ ቁጭ አሉና ሁለተኛ ጠየቋቸው። ሦስተኛም መጠየቅ ነበረባቸው።